የጀልባው ፍሬንና የዕድሩ ድንኳን

ጀልባ ነበረኝ፤ ያውም ካዛንቺስ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብለው በአካባቢው ምን ሐይቅ እንዳለ ለማስታወስ ይሞክሩ ይሆናል፤ አይድከሙ። በእኛ በኩል ውኃ የሚመጣው በቧንቧ ነው፤ እሱም ተራው በደረሰ ቀን ብቻ። የመጣውም ባልዲ ይሞላል እንጂ ጀልባ አያንሳፍፍም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በንብረት አስተዳደር ክፍል አገልግያለሁ። በአንድ ወቅት መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ ሲያስወግድ፣ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮችና ቁልፉ በጠፋ ቁም ሳጥን መካከል አንዲት ትንሽ ጀልባ ከነተጎታቿ ተገኘች። መሥሪያ ቤታችን ከውኃ ጋር የነበረው ግንኙነት በየወሩ ከሚከፍለው ሒሳብ ያለፈ ስላልነበረ፣ ጀልባዋ እንዴት ወደ መጋዘን እንደገባች ሊያስረዳ የቻለ ሰው አልነበረም። ወንበሮቹ ተሸጡ። ቁልፍ የሌለው ቁም ሳጥንም ወዳጅ አገኘ። ጀልባዋን ግን፣ ጨረታው ተደጋግሞ ቢወጣም፣ የጠየቀ አልተገኘም። ማንም ሳይጠይቀው ወደ መጋዘን የሚመለስ ዕቃ ማየት ለእኔ ከባድ ነገር ነው። በጨረታ ኮሚቴው ውስጥ ስሜ አለመኖሩን ደጋግሜ ካረጋገጥኩ በኋላ ዋጋ አቀረብኩ፤ ተወዳዳሪ ስላልነበረኝም አሸነፍኩ። በሕይወቴ ያሸነፍኩት ጨረታ እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጀልባዋ በራችን ላይ ስትደርስ ዙሪያዋን ተመለከተችና፣ «የምግብ ጠረጴዛ ትገዛለህ ብዬ ነበር» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ በርበሬ አሰጣችባት። ጀልባዋም ለበርበሬ ማስጫነት የተፈጠረች ሆና ተገኘች፤ ጠርዟ ከፍ ያለ ስለሆነ የጎረቤት ዶሮ አይደርስባትም፤ ዝናብ የመጣ እንደሆነም ሸራ ጣል ማድረግ ብቻ ነው። በርበሬ በማይሰጣበት ወራት ደግሞ የግቢያችን ልጆች እየተሳፈሩባት ስሙን የማያውቁት አገር ድረስ ሄደው፣ ለምሳ ሲጠሩ ይመለሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ዛሬ የለም። ባለቤቴ አርፋለች። ልጆቹ አድገዋል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳም የግቢያችን ሰዎች አንድ በአንድ አልጋቸውንና ምጣዳቸውን በአይሱዙ እየጫኑ፣ ከተማው አልቆ እንደገና ወደሚጀምርባቸው ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ። እኔ የቀረሁት ፋይሌ ላይ የቤት ቁጥሬ መጣራት አለበት ስለተባለ ነው። ፋይል እንዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ አልተማረርኩም። ክረምቱ ሲወጣ ቁልፍ እንደምረከብ ተነግሮኛል፤ ቤቱም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤተሰብ በኖረበት ግቢ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። በር የሚያንኳኳ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አንዳንድ ቀን መዝጊያው በነፋስ ሲንኳኳ «ማነው?» እላለሁ፤ ነፋሱም ጨዋ ስለሆነ አይዋሽም፤ ዝም ይላል።

ጀልባ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር የሚኖር አንድ የቀድሞ ባልደረባዬን ጠየቅሁትና በደስታ ተቀበለ። «ጎማው ይዙርልኝ እንጂ ፒካፕ እኔ እልካለሁ» አለ። ችግሩም እዚያው ላይ ነበር፤ ጎማው አይዞርም። ተጎታቿ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ዘመን ስላሳለፈች፣ ፍሬኗ ዝጎ ከጎማው ጋር ተጣብቋል። ተጠግኖ ይሠራል ወይስ ተነቅሎ በአዲስ ይቀየር? ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ መካኒክ ጠርቶ፣ የሚለውን ሰምቶ፣ ከሰዓት በኋላ ይገላገል ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ እርሳስ መቅረጫ ገዝቼ አላውቅም። የራሴን ጀልባ ከመንግሥት እርሳስ መቅረጫ አሳንሼ ማየት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የመጣው ሰይፉ ነው። ሰይፉ ቀድሞ ከሰፈራችን ጀርባ ጋራዥ የነበረው፣ አሁን ግን ጋራዡን በመሣሪያ ሳጥን ይዞ የሚዞር ጎልማሳ መካኒክ ነው። ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ፣ በመዶሻ ኳ ኳ አደረገ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፍሬን አልሞተም» አለ ከሥር። «ተኝቶ ነው። ሸራው ይቀየራል፣ ዝገቱ ይፋቃል፣ ዘይት ይገባል፣ በቃ።»

«መልካም፤ እንግዲያው ዋጋውን በፕሮፎርማ ጽፈህ፣ ማኅተም አድርገህበት ብታመጣልኝ?»

ሰይፉ ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትክ ብሎ አየኝ። «ማኅተሙ ፍሬኑ ላይ ነው የሚመታው?»

ሁለተኛው ቢኒያም ነው፤ ከሜክሲኮ በኩል የመጣ ወጣት፣ አንድ ጆሮው ለእኔ ሌላው ለስልኩ የተመደበ። ከሥር አልገባም። በስልኩ መብራት አበራና ወዲያው አጠፋው፤ ሊያየው የማይገባውን ነገር ያየ ይመስል ነበር።

«ፋዘር፣ ማለቴ ጋሼ፣ ይሄን ነገር ሰው እንዳያይብዎት። በቃ ተነቅሎ ይጣል። ከነእግሩ አዲስ ነው የምገጥምልዎት፤ ዲስክ ምናምን ያለው። እንደዚህ ዓይነት ፍሬን እኮ አሁን ሙዚየም ነው የሚጠይቁት።»

«የመንግሥት ዕቃ ነበር» አልኩት፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ።

«ያስታውቃል» አለ።

ሦስተኛውን ፕሮፎርማ ፍለጋ ለገሃር ድረስ ሄጄ አንድ አዛውንት የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ አነጋገርኩ፤ ጋሽ ኑሪ ይባላሉ። ጀልባ ካዛንቺስ አለ ሲባሉ ሱቃቸውን ዘግተው ሊያዩ መጡ። ተጎታቿን አንድ ጊዜ ዞሯትና፣ «ስንት ጊዜ ነው የምትጓዘው?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ። እስከ ባቱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትቆማለች።»

ጋሽ ኑሪ ወደ ግቢው ጥግ ሄደው፣ ከፈረሰው አጥር አንድ መልካም ድንጋይ መርጠው፣ በእግራቸው እየገፉ አምጥተው ጎማው ሥር አስቀመጡት። «ዝገቱን አስፍቆ ጎማውን ማላቀቅ ነው። ሲጓዙ የፒካፑ ፍሬን ይበቃል፤ ሲቆሙ ይቺ ትበቃለች» አሉና ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እንዲህም ሆኖ ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ድንጋይ ሆነ። አንባቢ ይስቁ ይሆናል፤ የግዥ ሥርዓትን ለሚያውቅ ሰው ግን ጉዳዩ የሚያስቅ አይደለም። በሥርዓቱ መሠረት አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ ከድንጋይ ያነሰ ዋጋ ደግሞ አይገኝም። ድንጋዩን ለመጣል በቴክኒክ ግምገማ ብቁ አለመሆኑን ማሳየት ግድ ነበር። ስለዚህ ሰይፉን ለማብራሪያ ጠራሁት። መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ድንጋይ አብራራ። ቢኒያምን ለተጨማሪ ማብራሪያ ጠራሁት። እሱም መጣ፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር እንደሚወድ አወቅሁ። ከዚያ የቢኒያም ማብራሪያ የሰይፉን አስተያየት የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ሰይፉን እንደገና ጠራሁት። ለረጅም ጊዜ አንድ ብርጭቆ ብቻ ሲያይ የኖረው ማንቆርቆሪያዬ በእነዚያ ሳምንታት ሥራ በዛበት። ጥሩ ውሳኔ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔም ጊዜውን አልነፈግኩትም።

አንድ ቀን ሰይፉ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ወደ ሥራ ይገባል ወይስ ሻይ እየጠጣሁ እኔም ጡረታ ልውጣ?» አለኝ።

ሐቁን ለመናገር ነገሩ ማለቅ እንዳለበት አውቅ ነበር። ፍሬኑ ከተሠራ ጀልባዋ ትሄዳለች፤ ጀልባዋ ከሄደች በሬን የሚያንኳኳበት ምክንያት ያለው ሰው አይኖርም። ይህን ለሰይፉ አልነገርኩትም። «የጋራ የቴክኒክ ግምገማ ይደረጋል» አልኩት፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀጠርኳቸው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ክረምቱ አለኝ ያለውን ሁሉ ያወርደው ጀመር። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ተጎታቿን በክሪክ አንስተን፣ ከሥሯ ጣውላ አንሸራተን፣ በብዙ መከራ ወደ ደጅ፣ አስፋልቱ ዳር አወጣናት። ዝናቡ ግን እዚያም አለ። ሁለቱ መካኒኮች እንደ ረጠበ ዶሮ ተኮራምተው ሲያዩኝ ድንኳኑ ትዝ አለኝ።

እኔ የሰፈራችን ዕድር ንብረት ያዥ ነኝ። አባላቱ በየአቅጣጫው ቢበተኑም ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ሳህኖቹና ብረት ድስቶቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ተረካቢ እስኪገኝ ድረስ ከነርሱ ጋር እንኖራለን። በደንባችን መሠረት ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት፣ ወይም ኮሚቴው ሲፈቅድ፣ ሰጪና ተቀባይ ፈርመው ነው። ኮሚቴው ኮንዶሚኒየም ነው። ዝናቡ ደግሞ እዚህ ነው። ካሰላሰልኩ በኋላ ለራሴ ፈቀድኩ፤ ሰጪ ብዬ ፈረምኩ፣ ተቀባይ ብዬም ፈረምኩ። ሁለቱ ፊርማዎች እጅግ መመሳሰላቸው ለአፍታ አሳስቦኝ ነበር።

ድንኳኑን ከበራችን ላይ፣ ከጀልባዋ በላይ ዘረጋነው። ካስማዎቹን ቆጥሬ አስረከብኩ፤ ቆጥሬም ተረከብኩ። እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱ ሰዎች ከሥር ተኝተው ሲከራከሩ እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ የሁለቱንም ሐሳብ አዳመጥኩ፤ በዚህም ምክንያት እስከ ክርኔ በግራሶ ተለወስኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እነሱ ሊበሉ ሄዱ። እኔም ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው ቧንቧ ሄጄ እጄን በኦሞ እፈትግ ጀመር። ስልኬ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ለምን እንደተዘረዘረ ወዲያው ይገባዎታል።

በዚያው ሰዓት አቶ ድንቁ በሚኒባስ ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ እየመጡ ነበር። አቶ ድንቁ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየዞሩ የሚለፍፉት እሳቸው ነበሩ። በመስኮት ሲመለከቱ ድንኳኑን አዩ። ኋላ እንዴት እንዳሰቡ ሲያስረዱኝ አንድም ስህተት ላገኝባቸው አልቻልኩም።

«ድንኳኑ የእኛ ነው» አሉኝ፤ «በጎኑ ያለውን ሰማያዊ እራፊ የማላውቀው መሰለዎት? ደጁ የእርስዎ ደጅ ነው። ግቢው ውስጥ ከእርስዎ በቀር ሰው የለም። ታዲያ ማን ሊሞት ነው? ቢሆንም ላጣራ ብዬ ደወልኩ። አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

ከሚኒባሱ እንደወረዱ ለሁሉም ደወሉ። ጡሩምባቸውንም ከዘመድ ቤት አስመጡ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቢነፉት ጎረቤት ስለሚከስ እዚሁ ሰፈር አስቀምጠውት ኖሯል።

እኔ ከሁለት ሰዓት በላይ ከግራሶው ጋር ታግዬ ገና ሳልጨርስ የጡሩምባ ድምፅ፣ ቀጥሎም የብዙ ሰው ለቅሶ ከደጅ ሰማሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገርዎ። ከአባላቱ አንዱ ሞቷል፤ ድንኳን ፍለጋ መጥተዋል፤ እኔ ደግሞ ድንኳኑን ለመካኒክ አውጥቼዋለሁ። በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ደርሶብኝ አያውቅም። ሮጬ ገባሁና ነጠላዬን ወስጄ፣ ጥለቱን ለሐዘን እንደሚገባው ወደ አንገቴ አዙሬ፣ በጓሮ በር ዞሬ ከኋላ ተቀላቀልኩ። በእኛ ወግ ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። እኔም አለቀስኩ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ይህን ያህል የሰፈሬን ሰው አንድ ላይ አይቼ አላውቅም ነበርና እንባው ብዙ አላስቸገረኝም።

ጥቂት ካለቀስኩ በኋላ ከፊቴ ወደቆሙት አቶ ድንቁ ጠጋ ብዬ፣ «ማን ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ንብረት ያዣችን ናቸው» አሉ ሳይዞሩ። «ነፍሳቸውን ይማር።»

«መቼ?»

«ሌሊት ይሆናል። ብቻቸውን ስለነበሩ ማን ያውቃል።»

አንባቢ እዚያ ቦታ ላይ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ለቅሶዬን ቀጠልኩ። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው ከልቤ ያለቀስኩት። ሰውየውን በቅርብ አውቀው ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የጠየቀው ሰው እንዳልነበረም አውቅ ነበር።

ከፊት ለፊት ደግሞ ወይዘሮ አስካለ ቆመዋል። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ነበሩ፤ ሲያስሉ ይማርዎት የምላቸው ከክፍሌ ሆኜ ነበር። ደረታቸውን እየደቁ፣ እጃቸውን ወደ ጀልባዋ ዘርግተው፣ «ፈረሱን አወጡለት፣ ፈረሱን አወጡለት» ይላሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ጀግና ሲሞት ፈረሱ ከነኮርቻው በለቅሶው ፊት እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጀልባዋም ለእኔ ክብር ወደ ደጅ የወጣች መስሏቸዋል። ክሪኩ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትታይ፣ እውነትም ጌታውን ያጣ ፈረስ ትመስል ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሙሾ አወጡ።

«አንዲት ጭልፋ ጠፍታ እንቅልፍ የማይወስደው፣
ዛሬ ራሱ ጠፋ፣ ማንስ ይፈልገው።»

ሕዝቡ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔም ተንሰቀሰቅሁ። ወይዘሮ አስካለ ግን በዚህ አላበቁም፤ «ወይኔ፣ ጭልፋዋን ሳያገኛት ሄደ» ብለው ጨመሩ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉን በትዕግሥት ችዬ ነበር። መሞቴን ችያለሁ። ብቻዬን መሞቴንም ችያለሁ። ነገር ግን የዕድር ንብረት ሳይመለስ ሄደ መባልን መቻል አልተቻለኝም።

«ይቅርታ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ጭልፋዋ ተገኝታለች። ገቢም ተደርጋለች።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ያስቸግራል። አንድ አግዳሚ ወንበር ከነተቀማጮቹ ወደ ኋላ ወደቀ። የአቶ ድንቁ ጡሩምባ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሴቶቹ ከለቅሶው የበለጠ ጮኹ። መጀመሪያ የተረጋጉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ወደ እኔ መጥተው፣ ክንዴን ቆንጥጠው፣ ግራሶውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«እርስዎ ሰውዬ» አሉኝ፣ «ሁለት ታክሲ ቀይሬ መጥቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼ፣ ቆመው ያዳምጡኛል?»

«ማን እንደሞተ አላወቅሁም ነበር።»

«ካወቁ በኋላስ?»

«ሥነ ሥርዓቱን ማቋረጥ ተገቢ አልመሰለኝም።»

ያን ጊዜ ሰይፉና ቢኒያም ዝናብ አግቷቸው ከዘገዩበት ምሳ ተመለሱ። ቢኒያም የጆሮ ማዳመጫውን አውጥቶ የተሰበሰበውን ሕዝብ ቃኘና አንዱን ጎልማሳ «ማን ሞቶ ነው?» ሲል ጠየቀ። ሰውየውም በአገጩ ወደ እኔ አመለከተው።

«ፋዘር፣ ማለቴ ጋሼ» አለ ቢኒያም፣ «ምሳ ስንሄድ ደህና ነበሩ እኮ።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ድንቁ ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉም። ከሳቁ በኋላም የሄደ ሰው አልነበረም። ከየኮንዶሚኒየሙ ድረስ ተመጥቷል፤ ድንኳኑም ተተክሏል፤ ለለቅሶ ቤት ተብሎ የመጣው ዳቦና ንፍሮም ተመልሶ አይሄድም። ወንበሮቹን አወጣሁ። ሳህኖቹን ቆጥሬ ሰጠሁ። ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ፣ እኛ ጀልባዋን ከብበን ተቀመጥን። የማን ሊፍት እንደተበላሸ፣ የማን ጎረቤት ሰላም እንደማይል፣ የማን ልጅ እንደተመረቀ በአንድ ከሰዓት ሰማሁ። የፍሬኑ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም መካኒክ ሆነ። አዲስ ይገጠም ያሉ ነበሩ። ድንጋዩንም አጥብቀው የደገፉ አልጠፉም። ክርክሩ ሲሞቅ ወይዘሮ አስካለ ንፍሯቸውን አስቀመጡ።

«ሰፈሩ ተቀየረ» አሉ። «ጎረቤቱ ተቀየረ። እኔ ራሴ የታክሲ መሳፈሪያዬ ከተቀየረ ወዲህ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል። አንድ ፍሬን እንኳ ይጠገን።»

አቶ ድንቁ እጅ አስወጡ። ለጥገናው ብዙ እጅ ወጣ። ለድንጋዩ የወጣው የእኔ እጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ሥርዓቱን ለማክበር ነው። በዚያው ስብሰባ ድንኳኑን ያለ ኮሚቴ ፈቃድ በማውጣቴ እንድቀጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የሞተ ሰው ይቀጣል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ በሕይወት ያለ ይቀጣል ተባልኩ።

ሰይፉ አዲሱን የፍሬን ሸራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሳጥኑ ይዞት ይዞር ኖሯል። ቢኒያም አላኮረፈም፤ ኮቱን አውልቆ፣ በመጀመሪያው ቀን በስልክ መብራት ብቻ አይቶት ወደነበረው ሥር ገባ። ሊመሽ ሲል ጎማው ዞረ። ሰዉ ተጎታቿን ጥቂት እርምጃ ገፋት፤ ሰይፉ ፍሬኑን ያዘ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። አጨበጨብን።

ከዚያ የታክሲ ሰልፍ እንዳይረዝም ተብሎ ሁሉም ተነሳ። «ብቅ ይበሉ እንጂ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። እንዲህ ሲባባሉ ማንም ለማንም ቀን እንደማይቆርጥ ሁላችንም እናውቃለን። ወይዘሮ አስካለ ከደጅ ተመልሰው፣ «ስልክ ያንሱ። ስልክ ለማያነሳ ሰው ሁለተኛ አላለቅስም» ብለውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ፒካፑ መጣና ጀልባዋን ወሰዳት። እስከ አስፋልቱ ጫፍ በዓይኔ ሸኘኋት። ትራፊክ መብራቱ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ፍሬኑ በሚገባ ይሠራል። በቆመችባት ቅጽበት የምትመለስ መሰለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ሄደች። ግቢው ውስጥ የነበረችበት ቦታ፣ ጎማው በነበረበት የጋሽ ኑሪ ድንጋይ ብቻዋን ቀርታለች፤ የምታቆመው ነገር የላትም።

ድንኳኑ ሲደርቅ አጠፍኩት። ካስማዎቹን ስቆጥር አንዱ ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ጎደለ። በደንባችን መሠረት ዕቃ ሲጎድል ንብረት ያዡ በዕለቱ የተገኙትን አባላት ሁሉ ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ወይዘሮ አስካለ ደወልኩ።

«ለካስማ ነው የደወሉት?» አሉኝ።

«ለካስማ ነው።»

ስለ ካስማው ብዙም የሚሉት አልነበረም። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አዲሲቱ ጎረቤታቸውና ስለ ውኃው ግን ስልኩ እስኪግል አወራን። አቶ ድንቁ አልጋ ሥር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ ሌላ ጊዜ ስደውልም፣ «ካላመኑኝ መጥተው ይፈትሹ» አሉ። ባለፈው እሑድ ሄጄ ፈተሽኩ። አልተገኘም፤ ምሳ ግን በላን። የሚቀጥለው እሑድ የወይዘሮ አስካለ ነው፤ ከእሳቸውም በኋላ ገና ያልተፈተሹ ብዙ ቤቶች አሉ። አራተኛ ፎቅ ብገባም ፍለጋው አይቋረጥም፤ ደንቡ የጊዜ ገደብ የለውም።

ካስማው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው። ካጠፍኩት ድንኳን እጥፋት ውስጥ ያገኘሁት በዚያው ቀን ነበር። ለፍተሻ በወጣሁ ቁጥር ይዤው እወጣለሁ፤ የዕድር ንብረት ነውና ብቻውን ቤት ጥዬው መሄድ አልችልም።